ምግብ ቤቱ ሄደ፣ ኮከቦቹ ቀሩ

ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ፣ ሁለተኛው ጎዳና ከምሥራቅ 10ኛ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ለግማሽ ምዕት ዓመት የቆየ የአይሁድ ምግብ ቤት ነበር። ሰከንድ አቬኑ ዴሊ (የሁለተኛው ጎዳና ምግብ ቤት እንደ ማለት) ይባላል። የሚታወቀው በፓስትራሚ (በቅመም ታሽቶ የጨሰ የበሬ ሥጋ) ሳንድዊቹና በዶሮ ሾርባው ነው። በሩ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። መንገዱ ላይ ኮከብ የተቀረጸባቸው የግራናይት ድንጋዮች ተነጥፈዋል። በድንጋዮቹ ላይ ከ50 በላይ ስሞች ተጽፈዋል። አሠራሩ የፊልም ኮከቦች ስም ከተነጠፈበት የሆሊውድ መንገድ የተቀዳ ነው፤ ሰዎቹ ግን የሆሊውድ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በይዲሽ ቋንቋ መድረክ ላይ የጨረሱ ተዋንያንና ተውኔተኞች ናቸው።

እዚህ የምከተለው የእነዚያን ድንጋዮች ጉዳይ ነው። ማን አስነጠፋቸው? ለምን ሌላ ቦታ ሳይሆን ሳንድዊች ቤት በር ላይ? ያስነጠፋቸው ሰው ሲሞት፣ ቤቱም ሲዘጋ ምን ሆኑ? (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ይዲሽ ጥቂት። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነው። መሠረቱ ጀርመንኛ ነው። ከዕብራይስጥና ከስላቭ ቋንቋዎች ብዙ ቃላት ወስዷል። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይናገረው ነበር። ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው፤ ገበያው፣ ጭቅጭቁና እሹሩሩው ግን በይዲሽ።

ቲያትሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሃይማኖት አጥባቂዎቹ መድረክን አይወዱም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚፈቀደው አንድ ነገር ቢኖር የፑሪም ጨዋታ ነው። ያ በዓል የአስቴር ታሪክ የሚታሰብበት ነው። ወጣቶች ጭምብል አጥልቀው ከቤት ቤት እየዞሩ ሰውን ያስቁ ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር የመጣው በ1876 ነው፣ ሮማንያ ውስጥ፣ ያሽ በምትባል ከተማ። አብርሃም ጎልድፋደን የተባለ ገጣሚና ዘፈን ደራሲ አንድ የወይን ጠጅ ቤት ግቢ ውስጥ ዘፋኞችን ሰብስቦ በዘፈኖቹ መሐል ታሪክ አስገባበት። መጀመሪያ ሙሉ ድርሰት እንኳ አልነበረም። የታሪኩን አቅጣጫ ይነግራቸዋል፤ ንግግሩን እነሱ መድረክ ላይ ይፈጥሩታል። ጠጪው ወደደው። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ በሩስያና በሮማንያ ከተሞች የሚዞሩ የቲያትር ጓዶች በዙ።

በ1883 የሩስያው ንጉሠ ነገሥት፣ የዛሩ፣ መንግሥት በይዲሽ ቲያትር ማሳየትን ከለከለ። ተዋንያኑ ሻንጣቸውን አነሡ። ግማሹ ለንደን ገባ፣ ግማሹ ኒው ዮርክ።

ኒው ዮርክ ላይ ጨዋታው ከክልከላው አንድ ዓመት ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ቦሪስ ቶማሼቭስኪ የተባለ፣ ገና 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ሲጋራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ እየጠቀለሉ የጎልድፋደንን ዘፈኖች ያንጎራጉራሉ። ልጁ ልቡ ተነካ። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት አግባብቶ ከለንደን ተዋንያን በዚያ ሰውዬ ገንዘብ እንዲመጡ አደረገ። በ1882 በምሥራቅ 4ኛ መንገድ ላይ ባለ አዳራሽ የመጀመሪያው የይዲሽ ትርኢት ታየ። የጎልድፋደን ሥራ ነበር።

እስካሁን ስንት የመጠጥ ቤት ባለቤት እንደገባበት ልብ በሉ። ያሽ ላይ ወይን ጠጅ ቤት፣ ኒው ዮርክ ላይ መሸታ ቤት። ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

ሁለተኛው ጎዳና ሲደምቅ

ከ1910 በኋላ ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ሁለተኛው ጎዳና ላይና በአካባቢው ተሠሩ። ሺህና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዙ አዳራሾች ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ይሞሉ ነበር? መልሱ የአገር ልጆች ማህበር ነው። ከአንድ የፖላንድ ወይም የዩክሬን ከተማ የመጡ ስደተኞች የራሳቸው ማህበር ነበራቸው። አሠራሩ ከኛ እድር ብዙ አይርቅም፤ ሲታመሙ ያሳክማል፣ ሲሞቱ ይቀብራል። ማህበሩ በሥራ ቀን የአንድ ምሽት ትኬት በሙሉ በቅናሽ ይገዛል። ለአባላቱ በደህና ዋጋ ይሸጣል። ትርፉ ለመቃብር ቦታ ወይም አገር ቤት ለተቸገረ ዘመድ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለሌላው ሕዝብ ክፍት ነው። ስለ ይዲሽ ቲያትር ሲወራ የኮከቦቹ ስም ይጠራል እንጂ ይህ የትኬት ዘዴ ብዙም አይነሣም። በኔ ግምት ግን ቤቱን ያቆመው እሱ ነው።

ኮከቦቹስ? ጄኮብ አድለር ከኦዴሳ የመጣ ግዙፍ ተዋናይ ነው። በ1892 ጄኮብ ጎርዲን የሼክስፒርን ኪንግ ሊር ወደ አይሁድ ቤተሰብ አምጥቶ ጻፈለት። ንጉሡ እዚያ ሀብቱን ለልጆቹ ያከፋፈለ ነጋዴ ነው። ልጁ ምግብ ስትከለክለው አንድ ተመልካች ከወንበሩ ተነሥቶ "ተዋት እሷን! ና ወደኔ ቤት፣ ሚስቴ ጥሩ ምግብ ትሠራለች" ብሎ ጮኸ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ሁሉም የሚያወራው ታሪክ ነው። በ1903 አድለር የእንግሊዝኛ ቲያትር ማዕከል በሆነው ብሮድዌይ ላይ ሻይሎክን፣ የሼክስፒርን አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ፣ ሲጫወት ሌሎቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ እሱ ብቻውን በይዲሽ። ልጁ ስቴላ አድለር በኋላ የትወና መምህር ሆነች፤ የፊልም ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ ተማሪዋ ነበር።

ሞሊ ፒከንም አለች። ከአንድ ሜትር ከሃምሳ ብዙም የማትዘል፣ ትዘፍናለች፣ ትገለባበጣለች፣ ወንድ ልጅ መስላ ትጫወታለች። የተወለደችው በ1898 ነው። 1920ዎቹ ላይ ሁለተኛው ጎዳና የሷ ነበር ማለት ይቻላል። ሞሪስ ሽዋርትዝ ደግሞ ቁም ነገር ያለው ድራማ ይወድ ነበር። በ12ኛው መንገድ ጥግ ላይ በ1926 ለሱ ቲያትር የተሠራ ቤት ተከፈተ። እዚያው ጥግ ላይ ካፌ ሮያል ነበር። ተዋንያን፣ ጸሐፊዎችና ሐያስያን ከትርኢት በኋላ የሚሰበሰቡበት ነው። ሥራ የሚገኘውም፣ የሚታጣውም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ አስተናጋጅ ለቲያትር አዘጋጆች ብር ያበድር ነበር ይባላል። እንግዲህ ይኸው፣ እንደገና ምግብ ቤት።

ምን ያህል እንደተወደዱ ለማወቅ ቀብር ማየት ይበቃል። ጎልድፋደን በጥር 1908 ኒው ዮርክ ላይ ሲሞት ወደ 75 ሺህ ሰው አስከሬኑን እንደሸኘ የጊዜው ጋዜጣ ዘግቧል። የሞተው ግን ደህና ኑሮ ሳይኖር ነው።

ውድቀቱ በአንድ ምክንያት አልመጣም። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞችን በር ዘጋች። አዲስ ተመልካች መምጣቱ ቆመ። እዚያው የተወለዱት ልጆች እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኑ። ገንዘብ ያገኘው ከሠፈሩ ወጣ። ከዚያ ናዚዎች የቋንቋውን አገር አጠፉት። ከተገደሉት ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች አብዛኞቹ ይዲሽ ተናጋሪ ነበሩ። ተዋናዩም ተመልካቹም አብረው ሄዱ። ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የተረፈውን ስታሊን ጨረሰው። የሞስኮው የአይሁድ ቲያትር መሪ ሰለሞን ሚኮልስ በጥር 1948 ሚንስክ ውስጥ ተገደለ። ግድያው የመኪና አደጋ ተባለ። ቲያትሩ በ1949 ተዘጋ። የሚኮልስ የመድረክ ጓደኛ ቤንጃሚን ዙስኪን ነሐሴ 12 ቀን 1952 ከጸሐፊዎች ጋር ተረሸነ።

ሰውዬው

ድንጋዮቹን ያስነጠፈው የምግብ ቤቱ ባለቤት ኤብ ሌበዎል በ1931 ነው የተወለደው፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለች፣ ያኔ ፖላንድ በነበረች ከተማ፣ ሊቪቭ አጠገብ። ሶቭየቶች ሲገቡ አባቱን ወደ ሳይቤርያ ወሰዱት። ቤተሰቡ በካዛኽስታን በኩል ጦርነቱን ተርፎ ጣልያን ውስጥ የስደተኞች ካምፕ ገባ። በ1950 አሜሪካ ደረሱ። ኤብ ኒው ዮርክ ውስጥ ኮኒ አይላንድ በሚባል ሠፈር ምግብ ቤት ተቀጥሮ ሥጋ መቁረጥ ተማረ። በ1954 ሁለተኛው ጎዳና ላይ ጥቂት ወንበር ያላት ትንሽ ቤት ከፈተ።

ቀኑን አስሉት። በ1954 የይዲሽ ቲያትር ወርቃማ ዘመን አልፏል። ካፌ ሮያል ተዘግቷል። አዳራሾቹ ወደ ሲኒማና ወደ ሌላ ነገር እየተለወጡ ነበር። ሌበዎል ያገኘው ጭራውን ነው። ያረጁ ተዋንያን ሾርባ ሊጠጡ ይመጣሉ፤ የድሮ ተመልካቾቻቸው ደግሞ በሚቀጥለው ጠረጴዛ ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ካፌ ሮያል ትቶት የሄደውን ቦታ ሳንድዊች ቤቱ ያዘው ማለት ነው። ለሰውዬው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የተወለደበት ከተማ አይሁዶች አልቀዋል። ቋንቋው እንደ ድሮው በአደባባይ የሚሰማው እንዲህ ባሉ ጥጎች ነው።

ስለዚህ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮከቦቹን በሩ ላይ አስነጠፈ። ሞሊ ፒከን፣ ቦሪስ ቶማሼቭስኪ፣ ኮሜዲያኑ ምናሻ ስኩልኒክ፣ በ9 ዓመቱ መድረክ ላይ የወጣው ፋይቩሽ ፊንከል፣ ሌሎችም። ከተማው አላዘዘውም፤ ሙዚየምም አልጠየቀውም። በምግብ ቤቱ ውስጥም ለሞሊ ፒከን የተሰየመ ክፍል ነበር፣ ግድግዳው በትርኢቶቿ ፖስተር የተሞላ። ፒከን ያኔ በሕይወት ነበረች። ያረፈችው በ1992 ነው። ለቋሚ ሰው ክፍል መሰየም ደስ የሚል ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው እስኪሞት ነው የሚጠበቀው።

የሐሳቡ ብልሃት ቦታው ላይ ነው። ሙዚየም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ፍላጎት ያለው ነው። እዚህ ግን ምሳ ሊበላ የተሰለፈ ሰው እግሩ ሥር ስም ያነባል። "ይሄ ማነው?" ብሎ ሲጠይቅ ከጎኑ የተሰለፉ አሮጊት "እኔ አይቼዋለሁ" ይሉታል። መታሰቢያው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ሰልፉም፣ አሮጊቷም፣ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው ሰውዬም አንድ ላይ ነው።

ድክመቱም ያው ነው።

ኪራዩና ድንጋዩ

መጋቢት 4 ቀን 1996 ኤብ ሌበዎል የምግብ ቤቱን ገንዘብ ባንክ ሊያስገባ ሲሄድ ተዘርፎ ተገደለ። 64 ዓመቱ ነበር። ጉዳዩ ለዓመታት ሳይፈታ ቆየ። ከምግብ ቤቱ አቅራቢያ፣ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለችው ትንሽ መናፈሻ በስሙ ተሰየመች። መታሰቢያ ያቆመው ሰው ራሱ መታሰቢያ ቆመለት።

ሥራውን ታናሽ ወንድሙ ጃክ ያዘ። ለአሥር ዓመት ያህል ቀጠለ። ከዚያ የኪራይ ውል አለቀ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ24 ሺህ ወደ 33 ሺህ ዶላር ሊወጣ ሆነ። በውዝፍ ኪራይም ክርክር ነበር። በጥር 2006 ቤቱ ተዘጋ። ሠፈሩ በ1954 የነበረው ሠፈር አይደለም። ድሀና ስደተኛ የነበረበት ቦታ ውድ ሆኗል። ቦታውን የባንክ ቅርንጫፍ ያዘው።

ምግብ ቤቱ አልሞተም። በታኅሣሥ 2007 የጃክ ልጅ በምሥራቅ 33ኛ መንገድ እንደገና ከፈተው። ስሙን ይዞ ሄደ፣ ምንም እንኳ አዲሱ ቤት ሁለተኛው ጎዳና ላይ ባይሆንም። ፖስተር ይነቀላል፣ ሜኑ ይጫናል። በእግረኛ መንገድ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ግን በታክሲ አይሄድም። ኮከቦቹ ባንኩ በር ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የማያስበው ጉዳይ አለ። የእግረኛ መንገዱ የማነው? በኒው ዮርክ መንገዱ የሕዝብ ነው። የመጠገን ግዴታው ግን ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነው ሕንጻ ባለቤት ነው። ድንጋዮቹን ያስነጠፈው ደግሞ ተከራይ ነበር። እንግዲህ ቦታው የከተማው፣ ጥገናው የአከራዩ፣ ትዝታው የተከራዩ። ተከራዩ ሲወጣ ትዝታውን የሚጠብቅበት ምክንያት ያለው ሰው እዚያ ጥግ ላይ አልቀረም። ማንም ክፉ አልሠራም፤ የሚመለከተው ሰው ብቻ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮከቦቹ የተጻፈው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ተሰነጣጠቁ፣ ፊደሉ ደበዘዘ፣ አላፊ አግዳሚው ይረግጣቸዋል እንጂ አያነባቸውም። የክረምት በረዶ ማቅለጫ ጨውና የሚሊዮን ሰው ጫማ ለግራናይትም ቀላል አይደለም።

ሁለት ጥግ አልፎ ያለውን ሕንጻ ብናወዳድር ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ለሞሪስ ሽዋርትዝ ተብሎ የተሠራው ቲያትር በ1993 በከተማው ሕግ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፣ ውጪውም ውስጡም። ዛሬ ሲኒማ ነው። ፊልም ሊያዩ የገቡ ሰዎች ቀና ካሉ ጣሪያው ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የዳዊት ኮከብ ያያሉ። ለዚያ ቤት ሕግ ቆመለት። ለእግረኛ መንገዱ ኮከቦች የቆመላቸው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም የለም።

ሕንጻ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ዋርሶ ላይ የሆነውን እዩ። በ1950 ፖላንድ ውስጥ መንግሥታዊ የአይሁድ ቲያትር ተቋቋመ፣ በኋላም ዋርሶ ገባ። የመራችው ኢዳ ካሚንስካ ነበረች፣ በኋላ በትወናዋ ለኦስካር የታጨችው። በ1968 የፖላንድ መንግሥት በአይሁዶች ላይ ዘመቻ ሲከፍት አገር ጥላ ወጣች። ቲያትሩ ያለሷ ቀጠለ። በ2016 ግን የሕንጻው ባለቤት በሩን ዘጋበት፤ ቀጥሎ ሕንጻው ፈረሰ። ጓዱ ግን በሌሎች አዳራሾች እየተጫወተ አለ።

ከሁሉም የበረታው መታሰቢያ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም። ዛልመን ዚልበርትስቫይግ የተባለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የይዲሽ ቲያትር ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሲለቅም ኖረ። ከ1931 እስከ 1969 ስድስት ቅጽ መዝገበ ሰብ አሳተመ። አምስተኛው ቅጽ በሙሉ በናዚዎች ለተገደሉት የተሰጠ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት ኮከቦች ብቻ አይደሉም። በየገጠሩ የዞረ ተዋናይ፣ ስሙ አንድ ፖስተር ላይ ብቻ የቀረ ዘፋኝ አለ። የእግረኛ መንገድ ሞሊ ፒከንን ያስታውሳል። ይህ መጽሐፍ ግን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ቆማ የዘፈነችውን ሴት ያስታውሳል። ለኔ ሚዛኑ የሚደፋው እዚህ ነው። በ1899 የተመሠረተው የተዋንያን ማህበር በ2005 ሲፈርስም ሰነዶቹ ዪቮ ወደሚባለው የኒው ዮርክ የጥናት ተቋም ገቡ። ማን እንደተቀጠረ፣ ማን እንደተከራከረ፣ ለማን ስንት እንደተከፈለ የሚያወራ ወረቀት ነው።

ሌላው መንገድ መጫወት ነው። ፎልክስቢኔ የተባለው ጓድ በ1915 ተመሥርቶ እስካሁን አለ። በ2018 በጆኤል ግሬይ አዘጋጅነት ፊድለር ኦን ዘ ሩፍን፣ ስለ አንድ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳዊ ወተት ሻጭ ቤተሰብ የሚተርከውን የታወቀ ሙዚቃዊ ድራማ፣ በይዲሽ አቀረበ። ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው በሕዝብ ብዛት እየተራዘመ ሄዶ በ2019 ወደ ትልቅ ቲያትር ቤት ተዛወረ። ከተዋንያኑ ብዙዎቹ ቋንቋውን አይችሉም ነበር። ቃል በቃል፣ ድምፅ በድምፅ አጠኑት። ተመልካቹም አብዛኛው ከመድረኩ አጠገብ የሚወጣውን የእንግሊዝኛና የሩስያኛ ጽሑፍ እያነበበ ነው የተከታተለው። አንዳንዱ "ይህ ሕያው ቲያትር ነው ወይስ የትዝታ ሥርዓት?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አግባብ ነው። እኔ ግን አይከብደኝም። ኦፔራም እንዲሁ ነው የሚታየው፤ ማንም ሞተ አላለውም።

ወደ ድንጋዮቹ ልመለስና አንድ ክርክር ላንሣ። ይነቀሉና ወደ አዲሱ ምግብ ቤት ወይም ወደ ሙዚየም ይወሰዱ የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ጣሪያ ሥር ቢሆኑ ጨው አይበላቸውም። ግን 33ኛው መንገድ ላይ ሞሊ ፒከን ምን ትሠራለች? እሷ የተጫወተችው እዚያ ሠፈር አይደለም። ሙዚየም ውስጥ ከገቡ ደግሞ ሳያስብ የሚያነባቸው አላፊ አግዳሚ አይኖርም፤ ሌበዎል የፈለገው ደግሞ እሱን ነው። ቦታቸው ላይ ሆነው ፊደላቸው ቢታደስ እመርጣለሁ። ወጪውን ግን ለአንድ ነጋዴ ፍቅር መተው አይቻልም። ከተማው፣ የሕንጻው ባለቤትና ዪቮን የመሰለ ተቋም በጽሑፍ የተስማሙበት ውል ያስፈልጋል፣ ማን ያጥባል፣ ማን ይጠግናል፣ ሕንጻው ሲሸጥ ግዴታው ወደ ማን ይዞራል የሚል። በ1980ዎቹ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ በ2006 ምግብ ቤቱ ሲወጣ ኮከቦቹ ያለ ባለቤት አይቀሩም ነበር።